ሰማያዊ የተቀባው ሰፈር

መጀመሪያ የተሰማው የኮምፒዩተሩ ማራገቢያ ነበር፤ ቀፎው እንደተነካበት ንብ ያጉረመርማል። ከዚያ ካምፓላ ነዋሪዎች በተሰበሰቡበት አዳራሽ ግድግዳ ላይ ብቅ አለች፤ በጥቃቅን አራት ማዕዘኖች የተሸነሸነች፣ ከሠላሳ ዓመት በኋላ ቤቱ የት፣ አውቶቡሱ የት፣ ውሃው የት እንደሚሆን በቀለም የተለየባት ካምፓላ።

ናኪቡሌ ዓይኗን ከግድግዳው አሸሸች። ይህን የከተማ ፕላን የሚያወጣ የኮምፒዩተር ሞዴል የሠራችው እሷ ናት። ረግረጉ ቦታውን መልሶ እንዲያገኝ፣ ከተማዋም በየክረምቱ በጎርፍ እንዳትዋጥ ብላ ነበር የሠራችው። አለቃዋ ሉቤጋ ግን ረግረግ ላይ የተገነባውን ትልቁን የገበያ ማዕከል ሞዴሉ ላይ ቆለፈው። የተቆለፈ አራት ማዕዘን ደግሞ ሞዴሉ አይነካም። ስለዚህ ህንጻው የነፈገውን ቦታ ውሃው ከጎን ካለው ከድሆች ሰፈር ይወስዳል። ሰማያዊ ማለት ይፈርሳል ማለት ነው፤ ሰፈሩም ዳር እስከ ዳር ሰማያዊ ሆኗል።

ይህን ያየችው ከወራት በፊት፣ ገና ፋሲካ ሳይደርስ ነበር። ያኔ ሉቤጋ ቢሮ ገብታ «ማን ቆለፈው?» ስትለው ሳቀባት።

«ተይው አንቺ ልጅ። ያ ህንጻ ባለቤት አለው።»

«ቤቶቹስ ባለቤት የላቸውም?»

«አላቸው። እነሱ ሲደውሉ ግን ማን ስልክ ያነሳል?»

ንዴቷን ዋጠችው፤ አልወርድ አላት እንጂ። ባለፈው እሁድ እንኳ እዚያው ሰፈር አክስቷ ናማቶቩ ቤት የሙዝ ማቶኬዋን በልታ፣ አዲሱን የቆርቆሮ ጣሪያ ቀና ብላ አይታ «እንዴት ያምራል!» ብላ ነው የወጣችው። አክስቷ ረግረጉ ዳር ጎደሬ እየተከለች ነው ያሳደገቻት።

አሁን አክስቷ ከነዋሪዎቹ መሃል ወጣች። እንደ አገሩ ሴቶች ወግ ሉቤጋ ፊት ተንበረከከች።

«ጌታዬ፣ ይሄን ማሽን ምን በደልነው? ጎረቤታችን ያ ትልቁ ህንጻስ ለምን ውሃ አይነካውም? ዋና ይችላል እንዴ?»

አዳራሹ በሳቅ አውካካ። ሉቤጋ አልሳቀም።

«እማማ፣ ማሽን አያዳላም። ሳይንስ ነው። ደግሞስ የሠራችው የራሳችሁ ልጅ አይደለችም? እሷን ጠይቋት!» ጣቱን ናኪቡሌ ላይ ቀሰረ።

አክስቷ ገና ከወለሉ አልተነሳችም። ያ ያረጀ ጉልበት፣ ከበላዩ ያ የተቀሰረ ጣት። የናኪቡሌ ደም ፈላ።

«ተነሺ አክስቴ! ለዚህ ዓይነቱ ጉልበት አይታጠፍም!»

ኮምፒዩተሩ ላይ ተደፋች። የህንጻውን ቁልፍ ፈታችው። ማራገቢያው እንደገና ጮኸ። ሰማያዊው ከሰፈሩ ላይ እየተገፈፈ ሄዶ፣ ሄዶ፣ ገበያ ማዕከሉ ላይ ሰፈረ።

«አያችሁ? እውነቱን ነው፣ ማሽኑ አያዳላም! የሚያዳላው ይሄ ሰውዬ ነው!»

«ሌባ!» አለ ከኋላ አንድ የቦዳ ሞተር ነጂ። «የኛን ቤት ሰማያዊ ከሚቀባ የራሱን ፊት አይቀባም!»

ወንበር ተገለበጠ። ሉቤጋ ገመዱን መንጭቆ ነቀለው፤ ከተማዋ ከግድግዳው ላይ ጠፋች።

«ከዛሬ ጀምሮ ሥራ የለሽም!»

«ገደል ግባ!»

ዞር ብላ አክስቷን ፈለገቻት። አክስቷ ቆማለች።

«መቼ ነው ያወቅሽው?»

«ከፋሲካ በፊት።»

አክስቷ ከቀሚሷ ላይ፣ ጉልበቷ በነካበት በኩል፣ አቧራውን አራገፈች። የናኪቡሌን ፊት ቆም ብላ አየችው። ከዚያ ጫጫታውን በመሃሉ ሰንጥቃ በበሩ ወጣች።