የተቀየረው አውሮፕላን

እትዬ ሳሊሃ ስልኩን ሙሀሲን አፍንጫ ስር ደቀኑት።

"አንብበው! እንደ ቆሎ እየቆረጠምክ ሳይሆን ቀስ ብለህ።"

ሙሀሲን የሸዋ ሮቢት መናኸሪያ ተራ አስከባሪ ነው፤ ፉጨቱ አጣዬ ላይ አህያ ያስደነብራል። የዚያን ቀን ሙቀት አስፋልቱን እንደ ገንፎ ሲያፈላው፣ እሱ ግን መልእክቱን እንዳነበበ ቀዘቀዘ። የነገ ማታው የጅዳ አውሮፕላን በሌላ ተቀይሯል፤ ወንበር ስላነሰ የእሳቸው ጉዞ በአሥር ቀን ተገፍቷል፤ ከተስማሙ አንድ ቁጥርን ይጫኑ ይላል።

"አሥር ቀን? ቪዛዬ እኮ በስድስት ቀን ይቃጠላል!"

ለዚህች ዑምራ ሰባት ዓመት ማሾ ዘርተዋል። ዝንጀሮውንም አንበጣውንም ከማሳቸው ያባረሩት በምላሳቸው ብቻ ነው ይባላል።

"ለምን ቀየሩት? ጎማው ፈነዳ?"

"አውሮፕላንም ያው አውቶቡስ ነው፣ እትዬ" አለ ሙሀሲን። በርሮ አያውቅም፤ ግን ሺህ አውሮፕላን እንዳሰማራ ሰው ጉሮሮውን ጠረገ። "አንዱ ይበላሻል። አንዱ ከሄደበት ዘግይቶ ይቀራል። አንዱን ደግሞ ሰው ለበዛበት መስመር ይወስዱታል። ያኔ ቆሞ የተገኘው ይላካል። እኔስ የስልሳ ሰው አውቶቡስ ሲበላሽብኝ የሠላሳ ሰው ቅጥቅጥ አልልክም?"

"ትልካለህ እንጂ! አምና ለአረፋ እዚሁ አስቀርተኸኝ የለ?"

"አንቱማ ሙዝ ሊገዙ ወርደው ነዋ! እኔ የማስቀረው የሌለውን ነው። የተቀመጠ ሰው ላውርድ ብልማ መናኸሪያው በላዬ ይፈርሳል።"

እትዬ ሳሊሃ በእጁ ያለውን ስልክ አፍጥጠው አዩት።

"ታዲያ እነዚህም ቤቷ ነች ብለው ነዋ የገፉኝ!"

"አንድ ቁጥርን ልጫንልዎት? እምቢ ሲሉ ጭራሽ ቢሰርዙዎትስ?"

"ወላሂ እንዳትነካት!" ስልኩን ነጠቁት። "የሚገፋኝ ካለ ፊቴን እያየ ይግፋኝ። የአዲስ አበባው መኪና የትኛው ነው?"

"ጉዞዎ ነገ ጠዋት አልነበር?"

"አሁን ነው። ሻንጣዬን በነገው የመጀመሪያ መኪና ላክልኝ።" ፓስፖርቱ እንደሆነ ከወጣ ጀምሮ ከጉያቸው ተለይቶ አያውቅም።

ከሹፌሩ ጎን ወጥተው ተቀመጡና ስልኩን ድርግም አድርገው አጠፉት። አንዲት ነጋዴ ከታች ሙዝ ከፍ አድርጋ አሳየቻቸው።

"ይውረዱና ይምረጡ፣ እትዬ!"

"በመስኮት አቀብዪኝ" አሉ በሩን ጓ አድርገው እየዘጉ። "እኔ አልወርድም።"