ትንፋሽ ለትንሿ ክፍል

ሥራዬን ስናገር ሰው ይስቃል። «አየር ጠባቂ» ይሉኛል፤ አየሩ ይሰረቅ ይመስል! በሙዚየሙ ውስጥ ሥዕሎቹ እንዳይደርቁ፣ እንዳይሻግቱም የክፍሎቹን ሙቀትና እርጥበት የምቆጣጠረው እኔ ነኝ። ሰው ሲበዛ በትንፋሹ ክፍሉን ያረጥበዋልና፣ «በሉ በቃ፣ ውጡ!» እያልኩ ጎብኚ ሳስወጣ ነው የምውለው።

በትንሿ ክፍል ውስጥ እህቴ አለች። በልጅነቷ ሞት የነጠቀን እህቴ፣ አባቴ በእንጨት ላይ የሣላት። እማዬ ሥዕሉን ለሙዚየሙ ከሰጠች ወዲህ ደጃፉን ረግጣ አታውቅም። ስለ ልጇም አታነሳም፣ ሲያነሱባትም አትወድም።

በዚያ ደረቅ ወቅት ክፍሉን የሚያረጥበው ማሽን ቀጥ አለ። ጠጋኙ የሚደርሰው ወደ ማታ ነው። እንጨቱ ከታች መሰንጠቅ ጀምሯል፤ ስንጥቁ በቀሚሷ ላይ አልፎ ወደ ፊቷ ሲያመራ አይቼ ክው አልኩ።

ትንፋሽ! ወዲያው ለአክስቶቼ ደወልኩ። ወሬ ካለ የማይቀሩ ናቸው። አለቃዬ «ሰው ስታባርሪ ኖረሽ ዛሬ ዘመድ ትሰበስቢያለሽ?» ብሎ አፈጠጠብኝ፤ ግን ፈቀደ።

በሩን ስዘጋባቸው ወሬያቸውን ለቀቁት። ሐሜቱ፣ ሳቁ፣ «ኧረ ተይ!» ማለቱ። ክፍሉ ለስለስ አለ፤ ብርሃኑም ያንቀላፋ መሰለኝ። የእርጥበት መለኪያው መርፌ ቀስ እያለ ወጣ። ከሰዓት በኋላ ግን ደክሟቸው አንድ በአንድ ሄዱ፤ መርፌው ተመልሶ ወረደ። አልቅሺ አልቅሺ አለኝ።

በሩ ተከፈተ፤ እማዬ ናት። መቼም ከአክስቶቼ አንዷ ነግራታለች።

ወንበር ስባ ሥዕሉ ፊት ተቀመጠች። ከዚያ «ግራና ቀኙን እያቀያየርሽ የምታደርጊው ጫማ አለ፤ አልጣልኩትም» አለቻት።

ወሬው እንደዚያ ጀመረ። የቤቱን፣ የአባቴን፣ የዓመታቱን ሁሉ ነገረቻት። «ይቺ እህትሽም አድጋ ቁጡ ሆነችልሽ።» ድሮ ከእህቴ ጋር በአንድ አልጋ ተኝተን የእማዬን ድምፅ እየሰማን እንቅልፍ ይወስደን ነበር። አሁንም ዓይኔን ስጨፍን የእህቴ ትንሽ እግር የሚነካኝ መሰለኝ። መርፌው እንደገና ወጣ።

ማታ ማሽኑ ተጠገነ። ስንጥቁ አገጯ ሥር ቆሟል።

«እማዬ፣ ተርፋለች። በይ እንሂድ።»

«ቆይ፣ ገና አልጨረስኩላትም» አለችኝ፣ ሳትዞር።

ሰው ማስወጣት ሥራዬ ነው። እኔው ወጣሁና በሩን ዘጋሁላቸው።