አሥራ አንድ ዓይነት አደንጓሬ

አባቷ ከላኩላት ፖስታ ውስጥ የወጣው አንድ የአደንጓሬ ቅጠል ነበር። ስታነሳው የዛገ ብረት ዱቄት የመሰለ ነገር ጣቷ ላይ ተራገፈ። ዋግ ነው። አሥራ ስምንት ዓመት በዘር ማከማቻ ውስጥ በመዝጋቢነት የሠራች ሴት ይህን ለማወቅ አጉሊ መነጽር አያስፈልጋትም። ከፖስታው ጀርባ በእርሳስ ተጽፏል፦ «ማሳው አለቀ። ያስቀመጥሽልኝን ድብልቅ ከብርዱ አውጪልኝ፤ ዝናቡ ሳያልፍ ልዝራ።»

ችግሩ፣ ከብርዱ የሚወጣ ድብልቅ የለም።

ሥራ በጀመረች በሁለተኛው ወር አባቷ የቤታቸውን ዘር በጣሳ አምጥተውላት ነበር፤ ቀይ፣ ነጭ፣ ግራጫ፣ ዝንጉርጉር፣ ሆዷ ነጭ የሆነች ጥቁር… ብትቆጥር አሥራ አንድ ዓይነት ሆነ። በኩራት ወደ ኃላፊዋ ይዛው ሄደች። ኃላፊው ከዚህ ዓለም ነገር ሁሉ አብልጦ የሚወደው ቅጽ ነበር፤ ቅጹ ላይ ደግሞ «የፍሬው ቀለም» ለሚለው የተተወው ቦታ ከአንድ ቃል በላይ አይችልም።

«ይሄ ዘር አይደለም፣ ቅልቅል ነው» አላት። «አጥሪና አምጪው።»

አጠራችው። ሦስት ቀን አቀርቅራ ለቀመች። በቁጥር የበዛውን ቀዩን አሸገችና ሠራተኛ ካፖርት ደርቦ በሚገባበት ቀዝቃዛ ክፍል ውስጥ አስቀመጠችው። የቀሩት አሥሩ ወደ መሥሪያ ቤቱ ምግብ ቤት ሄደው ሐሙስ ለምሳ ቀረቡ። ኃላፊው ይጨመርልኝ አለ። ይህን ከታናሽ ወንድሟ በቀር ለማንም አልተናገረችም።

ለአባቷ ከቀዩ አንድ ከረጢት ላከችላቸው፤ «የጠራ ዘር» የሚል ማኅተም ነበረበት። እሳቸውም ፍሬውን ዘርተው ከረጢቱን ግድግዳ ላይ ሰቀሉት። ለመጣ እንግዳ ሁሉ የልጃቸውን ፎቶግራፍ ከማሳየታቸው በፊት ከረጢቱን ያሳዩ ነበር። እንግዲህ ያ ቀይ ነው ዘንድሮ አንድም ሳይቀር ያለቀው። ሁሉም አንድ ዓይነት ነበር፤ አንዱን የጣለ በሽታ ሌላውን ለመጣል ፈቃድ አይጠይቅም።

ቅጠሉን ይዛ ስትቀመጥ ያ የድሮው ማሳ ትዝ አላት። ምርት ሲገባ ከወንድሟ ጋር ክምሩ ላይ ይቀመጡና በደረቀው ቅርፊት ውስጥ ምን ቀለም እንዳለ እየገመቱ ይፈለፍሉ ነበር፤ የተሳሳተ በሌባ ጣት ግንባሩን ይኮረኮማል። ዝናብ ሲበዛ ግራጫዋ ታኮርፋለች፣ ነጩ ይፈነድቃል፤ ዝናብ ሲጠፋ ግራጫዋ በተራዋ ቤቱን ታበላለች። «አንዱ ሲታመም ሌላው ያስታምማል» ይሉ ነበር አባቷ። እሷ ቀጭን ረጅም፣ ወንድሟ ድቡልቡል በመሆናቸው ጎረቤት ሲያሽሟጥጥ ደግሞ ነፍሷን ይማርና እናቷ አታስጨርስም፦ «ከአንድ ማሳ አሥራ አንድ መልክ ሲወጣ ዝም ያላችሁ፣ ከአንድ ቤት ሁለት ቢወጣ ምን አስለፈለፋችሁ?»

ስልክ ደወለች።

«አባባ፣ ያኔ ቤት የቀረው ድብልቅ የት ደረሰ?»

«እሱንማ ለዶሮዎቹ ብዬ ለወንድምሽ ሰጠሁት። ያንቺው አለልኝ ብዬ።»

«እሱ እኮ ዶሮ የለውም።»

«ያረባ መስሎኝ ነዋ።»

ወንድሟ ብስክሌት ጠጋኝ ነው። ካኮረፋት ሁለት ዓመት አልፎታል። ታሞ በተኛበት ሰሞን ሱቁ ገብታ በአንድ ባልዲ ውስጥ የነበረውን ብሎን ሁሉ በመጠን በመጠኑ ለይታ በየጣሳው አስቀመጠችለት። ተሽሎት ሲመጣ ሳምንት ሙሉ አንድ ብሎን ማግኘት አቃተው።

«እትዬ መዝገብ» አላት ሱቁ ስትደርስ፣ ከተገለበጠ ብስክሌት ሥር ቀና ሳይል። «ዛሬ ደግሞ ምን ልትለቅሚብኝ ነው?»

«አደንጓሬ ፈልጌ ነው።»

«ምግብ ቤታችሁ አለቀበት?»

«የአባባ ማሳ በዋግ አለቀ።»

መፍቻው ቆመ።

«ጣሳው አንቺ ጋ እንዳለ ነው የሚያውቁት» አለ ቀስ ብሎ።

«አውቃለሁ። ያን ለዶሮ የሰጡህን ምን አደረግኸው?»

«ዶሮ እስክገዛ ብዬ አጥሩ ሥር በተንኩት። ሲያድግ ለደንበኛ ጥላ ሆነ፣ ዶሮውን ተውኩት። በየዓመቱ ከበላሁት የተረፈውን እበትናለሁ።»

«ሳትለይ?»

«ብሎን የማልለይ ሰው አደንጓሬ ልለይ?»

በጓሮ በር ወጣች። ዋጉ እዚህም ደርሷል። ሽቦው ላይ ቀዮቹ ደርቀው ተንጠልጥለዋል፤ ጎናቸው የተጠመጠሙት ዝንጉርጉሮች ግን ወሬውን ያልሰሙ ይመስል ያብባሉ። ወንድሟ ካለፈው ዓመት የተረፈውን ዘር በባልዲ አወጣላት፤ ሁለት ብሎንም አብሮ ነበረበት። አግዳሚው ላይ ዘርግተው ቆጠሩ።

«ሰባት» አለች።

«አራቱስ?»

«የሉም። ሆዷ ነጭ የሆነችው ጥቁሯም የለችም።»

«እሷ የእማማ ነበረች» አለ። «የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ማለት ይሄኔ ነው» አላት።

«መልቀሙንስ ለቀምኩ። ያፈሰስኩት አልመለስ አለኝ እንጂ።»

በማግስቱ አብረው ሄዱ። መንገድ ላይ ወንድሟ፣ «ከብርዱ ነው የወጣው ብንላቸው ማን ያውቅብናል?» አላት። ባልዲውን ከእጁ ተቀብላ ቀደመችው። አባቷ ማሳው ዳር ተቀምጠው ነበር። እጃቸውን ባልዲው ውስጥ ነክረው በጣቶቻቸው መሃል አንቆረቆሩት።

«ይሄ ሙሉ አይደለም» አሉ።

«አይደለም፣ አባባ። ከብርዱም አልወጣም። ያን ጊዜ ቀዩን ብቻ አስቀርቼ ሌላውን ለምግብ ቤት ሰጠሁት። ሐሙስ ለምሳ ተበላ። እኔም በልቻለሁ።»

አባቷ እጃቸውን ከባልዲው አወጡ። ወንድሟ ጫማውን ያይ ጀመር።

«ጣፍጦ ነበር?» አሏት።

«በጣም።»

«ይጣፍጣል እንጂ። የጥቁሯን መረቅ እናታችሁ ለበሽተኛ ነበር የምታስቀምጠው።» ፊታቸውን ወደ ማሳው መለሱ፤ ዓይናቸውን በእጅጌያቸው እስኪጠርጉ ሁለቱም ጠበቁ። ከዚያ ተነሡ፤ ለእያንዳንዳቸው አንድ አንድ እፍኝ ሰጧቸው። «ዝናቡ አይጠብቀንም። አንቺ ግን ሳትመርጪ ዝሪ።»

ጀመሩ። ነጯን ከዝንጉርጉሯ ለመለየት ጣቶቿ ያሳክኳታል። ዓይኗ ወደ መዳፏ እንዳይሄድባት፣ ከፊቷ የሚሄደውን የወንድሟን የተጣመመ ትልም እያየች ዘራች።