ከአርባው በፊት

ባርኖ የግቢውን በር ሲከፍቱ ማውዙና ሰማያዊ ጋውን ለብሳ ቆማለች። ማውዙና የመንደሩ ጤና ኬላ ነርስ ናት፤ አራስ ያለበትን ቤት እየዞረች ሕፃናትን ትመዝናለች፣ እናቶችን ታስተምራለች። ባርኖ ግን ያዩት ልብሱን ብቻ ነበር። በዚያ ሸለቆ ሰማያዊ የሚለብሰው ሐዘንተኛ ነው፤ ከሐዘን ቤት የመጣ ሰው ደግሞ ከወለደች አርባ ቀኗን ያልጨረሰች አራስ ቤት አይገባም።

«እንዲህ ሆነሽ ነው እኔ ቤት የምትገቢው?» አሏት።

ማውዙና ጎንበስ ብላ ጫማዋን አየች። ጭቃ ይዟል። «አወልቀዋለሁ፣ አክስቴ» አለች።

«ስለ ጫማሽ ማን አነሳ? ሂጂ፣ አርባው ሲሞላ ትመጫለሽ።»

በሩ ተዘጋ። ማውዙና ክርክር አይሆንላትም፤ አማቶች ሲቆጧት አንገቷን ደፍታ ወደሚቀጥለው ቤት ታልፋለች።

አራሷ ምራታቸው ሳውሪ ከመጋረጃው ጀርባ ሆና ሁሉንም ሰማች። ጋውኑ ለጤና ኬላው ሠራተኞች በቅርቡ የታደለ መሆኑን ታውቃለች፤ ምጥ ይዟት የሄደች ዕለት ሁሉም ለብሰውት አይታለች። ዳሩ ግን ምራት ከመጋረጃ ጀርባ ሆና ድምፅዋን ለደጅ አታሰማም። አማቷ ሲመለሱ ነገሩን ቀስ አድርጋ አስረዳቻቸው። ባርኖ ትኩሱን አጥሚት እያቀበሏት፣ ሰማያዊ ያው ሰማያዊ ነው፣ ይልቅ ሳይበርድብሽ ጠጪ አሏት።

ክፉ ሴት አይደሉም። ሳውሪ ከወለደች ወዲህ እንስራ አላስነሷትም፤ ቅቤውንም ሥጋውንም ከራሳቸው አፍ ነጥቀው ነው የሚሰጧት። ሌሊት ሕፃኗ ሮዚያ ስታለቅስ ቀድመው የሚነሱት እሳቸው ናቸው። ዛሬ ግን ሕፃኗ አላለቀሰችም፤ ሳውሪን ያስጨነቃትም ይኸው ነው። ከማለዳ ጀምሮ ጡቱን ትይዝና ወዲያው ትለቀዋለች፣ ከዚያ ዓይኗን ትከድናለች። ባርኖ ግን ሮዚያ ጨዋ ልጅ ናት፣ እንቅልፍ ታውቃለች ይላሉ።

ሮዚያ የምትተኛው ባርኖ ልጃቸውን ባሳደጉበት በሚወዛወዘው የእንጨት አልጋ ውስጥ ነው። ከደረቷ እስከ ጉልበቷ በሰፊ ጨርቅ ታስራ ከላይ ድርብርብ ልብስ ለብሳለች። የአገሩ ልጅ ሁሉ ያደገው እንዲሁ ነው። ከፊቷ በቀር የሚታይ ነገር የለም።

ወደ ማታ ላይ ሳውሪ እንደ ብዙዎቹ የመንደሩ ወንዶች ሩሲያ ሕንፃ ሥራ ላይ ላለው ባሏ ለኪሮም ደወለች። ከጀርባው ማሽን ይጮሃል። ልጅቷ አትጠባም ብትለው፣ እናቴ ምን አለች ብሎ ጠየቃት። ተኝታ ነው ይላሉ አለችው። እንግዲያው ተኝታ ነዋ፣ እናቴን ስሚ አለና ዘጋው።

ሌሊቱን ሳትተኛ አደረች። እርጉዝ ሳለች ጤና ኬላው የተማረችውን ለማስታወስ እየሞከረች ነበር። ማውዙና የጨርቅ አሻንጉሊት አቅፋ ስታስተምር፣ አንዷ ሴትዮ የዚችም አባት ሩሲያ ነው ወይ ብላ ቤቱን በሳቅ ሞላችው። ማውዙና ፊቷ ቀላ፤ ግን አላቋረጠችም። ሕፃኑን ፈታችሁ ደረቱን እዩት፤ በተነፈሰ ቁጥር ከጎድኑ በታች ወደ ውስጥ ስርጉድ ካለ አትጠብቁ፣ ማንንም ሳታስፈቅዱ ሐኪም ቤት ውሰዱት አለች። ያን ጊዜ ሳውሪም ከሳቁት አንዷ ነበረች።

ሲነጋ ተነሥታ ልብሱን ገፈፈች፣ ማሰሪያውን ፈታች። የልጅቷ ደረት የወፍ ጫጩት ያህል ነው። በተነፈሰች ቁጥር ከጎድኗ በታች ይሰረጉዳል። ከንፈሯ ጠቁሯል።

ባርኖ በዚያው ሰዓት ውሃ በገበታ ይዘው ገቡ። እሳቸውም አልተኙም ኖሯል። ያቺ ነርስ በር ላይ ቆማ ጥላዋን ጥላባት ሄደች፣ በአርባ ማንኪያ ውሃ ካጠብናት ይለቃታል አሉ። ውሃውን ማንኪያ በማንኪያ ሲለኩ ነው ያነጉት።

ሳውሪ ልጅቷን ደረቷ ላይ ለጠፈቻት። አትታጠብም፣ ሐኪም ቤት እወስዳታለሁ አለች። በዚያ ቤት እወስዳለሁ የሚል ቃል ከአፏ ወጥቶ አያውቅም።

ባርኖ ገበታውን አስቀምጠው በሩን በጀርባቸው ዘጉ። በዚህ ብርድ፣ አርባዋ ሳይሞላ፣ ዓይን በሞላበት መንገድ ይዘሻት ልትወጪ ነው ብለው ጠየቁ። ድምፃቸው የቁጣ አልነበረም።

«እኔ ሁለት ቀብሬያለሁ» አሉ። «ሁለቱም አርባቸው ሳይሞላ። ሦስተኛ አልቀብርም፣ ልጄ። ብትፈልጊ ምቺኝ እንጂ ከዚህ በር አልነሣም።»

 ሳውሪ የልጅቷ ትንፋሽ አንገቷ ላይ እየተቆራረጠ ይሰማታል።

«እማ» አለች፣ «እነሱ እኮ ከቤት አልወጡም ነበር።»

  ባርኖ ከበሩ ገለል አሉ፤ ሂጂ ግን አላሉም። ከጓዳ ቂጣ አምጥተው የልጅቷ መጠቅለያ ውስጥ ሸጎጡ፤ አራስ ባዶዋን አትወጣምና። ካባቸውን በሳውሪ ትከሻ ላይ ጣል አድርገው ጫማቸውን ተጫምተው ተከተሏት።

ማውዙና ሁለቱን ቤቷ ደጃፍ ላይ አየቻቸው። ልጅቷን ገለጥ አድርጋ አየቻትና ወንድሟን መኪናህን አስነሣ አለችው። መንገዱን ሙሉ ሳውሪ የሮዚያን ትንፋሽ ታዳምጥ ነበር፤ በተቋረጠ ቁጥር ተረከዟን ትቆነጥጣለች፣ ልጅቷም ትቃትታለች። ባርኖ ከጎኗ ዱዓ ያደርጋሉ። ማውዙና ከፊት ወንበር ዞራ፣ ትናንት መግባት ነበረብኝ አለች። 

በአውራጃው ሆስፒታል ሐኪሙ ለልጅቷ ኦክስጅን አደረገላትና ከመቼ ጀምሮ ነው ብሎ ጠየቀ። ሳውሪ፣ ከትናንት ማለዳ አለች። እሱም የቻለውን እንደሚያደርግ ነገራቸው።

ሮዚያ ከቀትር በኋላ ሞተች። በማግስቱ ከባርኖ ሁለት ልጆች ጎን ተቀበረች። ለቅሶ የመጡት ሴቶች ነገሩ አራሷ ከቤት በመውጣቷ የመጣ ነው ብለው ሲንሾካሾኩ ባርኖ ሰምተው፣ ዘግይተን ነው አሏቸው።