የተፈወሰው ወገብ

ሰበታ ያለው የዘይት ፋብሪካ አዲሱን መሙያ ማሽን ያስገባ ዕለት ዳቦ ተቆርሶ ነበር። እልልታውን ካቀለጡት አንዷ ብዙነሽ ናት። ሥራ የሚያቀል መስሏት ነው እንጂ የምትቀበለው የራሷን መከራ መሆኑን መች አወቀች! አሮጌው ማሽን እያዘገመ ሲሠራ፣ ካርቶን እያነሳ መሬት ላይ ባለው የእንጨት ርብራብ ላይ የሚደረድር ሰው ቀና ብሎ ትንፋሹን ይስብ ነበር። አዲሱ ግን እረፍት የሚባል አያውቅም። አንዱን ጎንበስ ብለው ሳያስቀምጡ ሌላው ከኋላ ደርሶ ይጠብቃል።

«ማሎ፣ እባካችሁ! ይሄ ማሽን ባል ቢሆን ኖሮ ገና ድሮ ፈትቼው ነበር» ትላለች ገለቴ። ገለቴ የሰበታ ተወላጅ፣ ብዙነሽ ደግሞ ከወላይታ የመጣች ናት፤ ካርቶን የሚደረድሩት ግን ጥንድ ሆነው ነው።

የብዙነሽ ወገብ ከተያዘ ሰንብቷል። አንድ እሁድ ቤተ ክርስቲያን ተጸለየላት፤ ሕመሙም ለቀቃት። ውሸት አልነበረም፣ በእውነት ለቀቃት። ማይክሮፎን ተሰጥቷት «ጌታ ወገቤን ነክቶታል!» ብላ መሰከረች፤ ጉባኤውም አጨበጨበ። ሳምንቱ ሳያልቅ ካርቶኖቹ ሕመሙን መልሰው አመጡት። ግን በሰው ሁሉ ፊት የመሰከረ ሰው በምን አፉ «ተመለሰብኝ» ይላል? እንዲህ ማለት ፈውስን በአፍ መጣል ነው ተብላ ተምራለች። ስለዚህ ከልብሷ ስር ወገቧን በነጠላ ጠፍራ፣ ፊቷን ፈታ አድርጋ ሥራ ትገባ ጀመር።

በዚህ መሀል ነው ማርቲ የምትባል ተመራማሪ ከዩኒቨርሲቲ የመጣችው።

«የማጠናው ሰው ለሥራው እንዴት እንደሚታጠፍ አይደለም፤ ሥራው ለሰው እንዴት እንደሚመች ነው» አለቻቸው።

«ምነው ሳንታጠፍ በመጣሽ!» አለች ገለቴ።

ማርቲ ሳቀች። የመጣችበትን ጉዳይ ስትነግራቸው ግን ገለቴም ቀልዷን ትታ አዳመጠች። ካርቶን ሲጫንበት ዝቅ የሚል፣ ሲቀልለት ከፍ የሚል ጠረጴዛ አለ፤ በእሱ ላይ የሚደረድር ሰው ጎንበስ አይልም። ፋብሪካው ለጊዜው የሚገዛው አንድ ብቻ ነው። የመደርደሪያው መስመር ሁለት ስለሆነ፣ ሠራተኞቹ የባሰ የሚታመሙበት መስመር ይወስዳል።

ኃላፊው ኦቦ ገርባ ማሽኑን አላቆምም ስላሉ ጥያቄው እዚያው ሥራው ላይ ሆነ። ኤልቃና የተሞላውን ርብራብ በጋሪ ሊጎትት አጠገባቸው ቆሟል። ኤልቃና ከብዙነሽ ጋር አንድ ቤተ ክርስቲያን የሚያመልክ ዘማሪ ነው።

«እኔን ከማጅራቴ እስከ ተረከዜ ያመኛል» አለች ገለቴ። «ያላመመኝ ምላሴ ብቻ ነው።»

«እሱማ መች ያርፋል!» አሉ ኦቦ ገርባ።

ማርቲ ወደ ብዙነሽ ዞረች። «እርስዎስ እናቴ? የት ያምዎታል?»

ብዙነሽ ኤልቃናን አየችው። ፈገግ ብሎ ራሱን ነቀነቀላት።

«እኔስ ደህና ነኝ፤ ጌታ ይመስገን።»

«እርግጠኛ ነዎት? ቀና ሲሉ እጅዎ ወገብዎን ሲደግፍ አይቻለሁ።»

«ልማድ ነው ልጄ።»

ብዙነሽ ወገቧን በነጠላ ስትጠፍር የምታየው ገለቴ የያዘችውን ካርቶን እንደታቀፈች አፍጥጣ ቀረች።

«በቃ!» አሉ ኦቦ ገርባ። «ትልቋ ደህና ነኝ ካለች የትንሿ ስንፍና ነው።»

ጠረጴዛው ወደ ሌላኛው መስመር ሄደ። ገለቴ አልተሳደበችም፤ ብትሰድባት ኖሮ ለብዙነሽ ይቀልላት ነበር። ብቻ ከዚያ ወዲያ ጎን ለጎን እየሠሩ ቀልድ ቀረ።

ክረምቱ ሲገባ አንድ ጠዋት ገለቴ ካርቶን ይዛ እንደጎነበሰች ቀና ማለት አቃታት። ደግፈው አወጧት፤ አልተመለሰችም። ብዙነሽ ፍራፍሬ ይዛ ቤቷ ድረስ ሄደች። ገለቴ መሬት ላይ በተነጠፈ ፍራሽ ተኝታ ወደ ግድግዳው ዞራለች።

«አካም ጂርታ፣ ገለቴ?» አለቻት በተማረችው ኦሮምኛ።

«እንደምታዪኝ።»

«ስለ አንቺ እየጸለይኩ ነው።»

ገለቴ ቀስ ብላ፣ እያቃሰተች ዞረች። «ጸሎትሽን አልጠላሁም፣ ብዙዬ። ለአምላክሽ በማይክሮፎን መሰከርሽለት። እሱ ምስክር አጥቶ ነበር? እኔ ነኝ ምስክር ያጣሁት።»

ብዙነሽ ፍራፍሬውን አስቀምጣ ወጣች።

በገለቴ ቦታ ሬሐና የምትባል ሴት ተቀጠረች። ጥቂት እንደሠራች ላቧን ጠርጋ፣ «እትዬ፣ የወገቡ ሕመም ሲለምዱት ይተዋል አይደል?» አለቻት።

ኤልቃና ጋሪውን ይዞ እዚያው ነበር።

«አይተውም» አለች ብዙነሽ፣ እሱ እንዲሰማ ድምፅዋን ከፍ አድርጋ። «ያማል። እኔንም ያመኛል። ያን ጊዜ ስጠየቅም ያመኝ ነበር።»

ኤልቃና ዓይኑን መሬት ላይ ተክሎ ጋሪውን ጎተተ። ከሌላኛው መስመር ጠረጴዛው ሲወርድ፣ ሲወጣ ድምፁ ይሰማል። ማርቲ ጥናቷን ጨርሳ ከሄደች ቆይታለች፤ የሚጠይቅም የለም። ብዙነሽ ነጠላዋን ጠበቅ አደረገችና ለደረሰው ካርቶን ጎንበስ አለች።