አንዴም ያልተበላሸው ዱቄት

የኬሚስትሪ ዶክተሯን ተጠራጣሪ ናት ቢሏት አትቀየምም። ሰሞኑን ግን ጥርጣሬዋ እንቅልፍ ነስቷታል፤ የጠረጠረችው ደግሞ የገዛ እህቷን ባል ነው።

ሰውየው የቤተ ሙከራውን ሪአክተር፣ ማለትም ኬሚካሎች የሚዋሃዱበትን ቱቦ፣ የሚያንቀሳቅስ ኦፕሬተር ነው። ቤቱ ቢቃጠል እንኳ ስለማይጣደፍ "አይቸኩሌ" ይሉታል። እሷ የኬሚካሉን ለውጥ የሚመራውን ካታሊስት ትሠራለች፦ እንደ ስፖንጅ ቀዳዳ በቀዳዳ የሆነ፣ ሴሪየም የሚባል ብርቅዬ ማዕድን ጠብ የተደረገበት ዱቄት። እሱ ዱቄቱን ቱቦው ውስጥ ይሞላና ቶሉን የሚባል ከነዳጅ የሚገኝ ፈሳሽ አግሎ ከአየር ጋር ያሳልፍበታል። ዱቄቱ ደህና ከሆነ ቶሉኑ ነዶ ሳያልቅ መሃል ላይ ይቆምና አልመንድ አልመንድ የሚሸት፣ ለሽቶ የሚፈለግ ዘይት ይሆናል። ደህና ካልሆነ ግን እስከ ጭሱ ይነዳል፤ ቱቦውም ከመጠን በላይ ግሎ ሊፈነዳ ይችላል፤ አያድርስ ነው።

ችግሩ ምን መሰላችሁ? ዱቄቱ አንዴም ተበላሽቶ አያውቅም። ምድጃው ያሳረረባትን ታውቃለች፣ እጇ የሳተበትን ቀን ታውቃለች፤ አይቸኩሌ ግን ሁልጊዜ "ግሩም ነው" ይላታል። ነገ ደግሞ "ዱቄቱ ሁሌም አንድ ዓይነት ነው" ብላ ዱቄቱን ለሚገዛው ፋብሪካ ልትፈርም ነው። የፋብሪካው ቱቦ የፎቅ ቁመት አለው፤ ሥሩ ሰዎች ይሠራሉ። ይሄ ሰው የሙከራውን ውጤት ቁጥር ከጭንቅላቱ እየፈጠረላት ቢሆንስ?

እናም ወጥመድ አዘጋጀች። ጠርሙሱ ላይ "ሴሪየም ያለበት" የሚል ወረቀት ለጠፈች፤ ውስጡ ግን ሴሪየም ያልነካው፣ ዘይትም ሆነ እሳት የማይወጣው ዱቄት ሞላችበት። የሴሪየሙ ትንሽ ወደ ቢጫ ይላል፣ ይሄኛው ነጭ ነው። ቢሆንም፣ ቁጥር የሚፈጥር ሰው ዱቄት አያይም አለች በሆዷ።

ከሰዓት በኋላ ገና በሩ ላይ ስትደርስ የአልመንድ ሽታ ተቀበላት። ቁጥር ይፈጠራል፤ ሽታ ከየት ይመጣል? ታዲያ ሴሪየሙ ከንቱ ነበር? ይህን ሁሉ ዓመት የለፋችው ለምንም ነው?

"ግሩም ነው!" አላት አይቸኩሌ፣ ጓንቱን እያወለቀ።

"የትኛውን ዱቄት ነው የጨመርከው?"

ግራ ቀኙን አየና ድምፁን ዝቅ አደረገ። "ባትጠይቂኝ ይሻል ነበር። የዛሬው ነጭ ሆነብኝ፤ ሴሪየሙን ረስተሽው መሰለኝ። ነገ ሰው ፊት ጉድ እንዳትሆኚ ብዬ ያንቺን ደፋሁትና ከድሮው ጥሩ ዱቄትሽ ካስቀመጥኩት ተካሁልሽ። አይዞሽ፣ ማንም አላየኝም።"

አጭበርባሪ ልትይዝ ነበር የመጣችው። ፊቱን ብታየው ተንኮል የለበትም፤ እንዲያውም ደስ ብሎታል። ፈራች። ወንበር ስባ ተቀመጠች።

"ከዚህ በፊትም ተክተህልኝ ታውቃለህ?"

"ሲበላሽብሽማ ዝም ብዬ ልይሽ? እህትሽ ምን ትለኛለች!"

"ስንት ጊዜ?"

"ኧረ ተይ እንግዲህ!" ብሎ ሳቀ። "ለዘመድ የተደረገ ይቆጠራል እንዴ?"