ድንጋይ የነበረ

ጥፋቱ የእኔ መሆኑን አልክድም፤ የመምህርታችን እጅ ግን አለበት። ከሰዓት በኋላ እኛን ጎልማሶችን ፊደል የምታስቆጥረው እሷ፣ «ቤታችሁ ውስጥ ያሉ ሃያ ነገሮች ላይ ስማቸውን ጽፋችሁ ለጥፉ፤ ባያችኋቸው ቁጥር ታነባላችሁ» ብላ የቤት ሥራ ሰጠችን። እኔ ደግሞ የቤት ሥራ ሳልሠራ መሄድ ሞቴ ነው። በአርባ ስምንት ዓመቴ ክፍል ገብቼ፣ አጠገቤ የምትቀመጠው ባለ ዳቦ ቤቷ ስትመሰገን እኔ አንገቴን ልድፋ?

በሩ ላይ «በር»፣ ወንበሩ ላይ «ወንበር» ብዬ ለጠፍኩ። «ማቀዝቀዣ» ብቻውን ሦስት ወረቀት አስበላኝ። ስድስተኛውን ስለጥፍ እጄ ዛለ። ባለቤቴ የአውቶቡስ ሹፌር ነው፤ ወደ ሥራ ሊወጣ ጫማውን እያሰረ ያየኛል።

«እኔስ ግንባሬ ላይ ምን ልትለጥፊብኝ ነው?»

«አንተ ሳይጻፍብህም ትታወቃለህ። ሂድ፣ ተሳፋሪ ይጠብቅሃል።»

እሱ ሲወጣ የልጄን ክፍል ልጠርግ ገባሁ። አልጋዋ ሥር አንድ የእንጨት ሳጥን አገኘሁና ከፈትኩት። እያንዳንዳቸው በየራሳቸው ጎጆ የተቀመጡ ድንጋዮች። ቆጠርኳቸው፤ ልክ ሃያ። ልጄ ኮሌጅ የመጀመሪያ ዓመት ተማሪ ናት፤ ጂኦሎጂ የሚባል፣ ስለ መሬትና ስለ ድንጋይ የሚያወራ ትምህርት ትማራለች። ድንጋዮቹ አቧራ ለብሰዋል። በላያቸው ላይ ደግሞ ጠርዙ የተጠቀለለ፣ ቁጥር ብቻ የተጻፈበት ቆሻሻ ወረቀት ተለጥፏል። የሆነ ሰው የእኔን የቤት ሥራ ጀምሮ፣ ስም መጻፍ ቢያቅተው በቁጥር የተገላገለው መሰለኝ።

እውነቱን ልናገር። ሃያ የተለያየ ስም ከመጻፍ አንዱን ስም ደጋግሞ መጻፍ እንደሚቀል እዚያው ቆሜ ገብቶኛል።

ሳፋውን ሞቅ ባለ ውሃ ሞላሁ፣ የዱቄት ሳሙና ነሰነስኩበት፣ ሁሉንም ዘፈዘፍኳቸው። አንዱ አልሰምጥ አለኝ። በጣቴ ብደፍቀው ብቅ፣ ብደፍቀው ብቅ። ተውኩትና ወደ ስፌት መኪናዬ ሄድኩ፤ ለሆስፒታል የተጠየቅኩት ጋዋን ነበረብኝ። ከምሳ በኋላ ተመልሼ በብሩሽ ፈተግኳቸው። አሮጌዎቹ ወረቀቶች ቀልጠው ውሃው ውስጥ ቀሩ። አድርቄ ስቆጥራቸው አሥራ ዘጠኝ ሆኑ። ሳፋውን በእጄ ዳበስኩ፤ ምንም የለም። ጠዋት ተሳስቼ ቆጥሬ ይሆናል አልኩና በአሥራ ዘጠኙም ላይ፣ ቀስ ብዬ፣ አሳምሬ፣ «ድንጋይ» ብዬ ጽፌ ለጠፍኩ።

ልጄ አሥር ሰዓት ላይ ገባች። ጠረጴዛው ላይ ደርድሬ ነው የጠበቅኳት።

«እማዬ! ምንድን ነው ያደረግሽው?»

«አጠብኩልሽ። እስቲ አንብቢው፣ ጽሕፈቴ አልተሻሻለም?»

አንዱን አነሳች። «ድንጋይ» አለች። ሌላውን አነሳች። «ድንጋይ።» ሦስተኛውን ሳታነሳ ወንበሩ ላይ ዘጭ አለች።

«ሁሉም ላይ ድንጋይ ነው የጻፍሽው።»

«ታዲያ ምንድን ናቸው?»

ይህን ጊዜ እንባዋ ዱብ አለ፤ የእኔም ልብ አብሮ ዱብ አለ። ነገ ጠዋት ሦስት ሰዓት የተግባር ፈተና አለባት። ሳጥኑን አስፈርሞ ያዋሳት የላቦራቶሪው ኃላፊ ነው፤ ተማሪዎቹ «መዶሻው» የሚሉት ሰው። ሳጥኑ እንደ ወጣ ካልተመለሰለት ፈተና አያስገባም። ባለፈው መንፈቅ ይህንኑ ትምህርት ወድቃለች፤ ይህም ፈተና ካመለጣት ከኮሌጁ መሰናበቷ ነው።

«አይዞሽ» አልኳት። «ቁጥር ከፊደል ይቀለኛል። አንቺ ንገሪኝ፣ እኔ እጽፋለሁ። ሰባት ቁጥር ምንድን ነው?»

«ግራናይት።»

«ጎሽ። ግራናይት የትኛው ነው?»

አንዱን አነሳች፤ መልሳ አስቀመጠችው።

«እሺ፣ አሥራ ሁለት?»

«የኖራ ድንጋይ።»

«የትኛው?»

ጠረጴዛውን ከዳር እስከ ዳር አየችው። ከዚያ እኔን አየችኝ።

«አንቺ ልጅ፣ የተማርሽው ድንጋዩን ነው ቁጥሩን?»

«ሁሉም እንደዚያ ነው የሚያጠናው! የሳጥኖቹ ቁጥር ሁሉ አንድ ዓይነት ነው፤ ፈተናውም በነሱ ነው።»

ልቆጣት አፌን ከፍቼ መልሼ ዘጋሁት። እኔ ራሴ የመጽሐፋችንን የመጀመሪያ ገጽ በቃሌ ይዤ፣ ጣቴን ከመስመር መስመር እያንሸራተትኩ፣ ያነበብኩ መስዬ መምህርቴን አንድ ወር ሸውጃታለሁ። የተነቃብኝ መጽሐፉን ገልብጬ የያዝኩ ቀን ነው።

«ነይ» አልኳት። «ደብተርሽን አምጪ። እኔ አነባለሁ፣ አንቺ ትሞክሪያለሽ።»

«አንቺ ስታነቢ እኮ ይነጋል።»

«የምትቸኩይበት ቦታ አለሽ?»

አነበብኩ። «በ-ጥ-ፍ-ር የ-ሚ-ጫ-ር።» ልጄ በጥፍሯ ጫረች፤ አንዱ ነጭ ዱቄት ሆኖ ወጣላት፤ ጂፕሰም። በሳንቲም የሚጫረው፣ በቢላዋ የሚጫረው፣ ራሱ ጠርሙስ የሚጭረው ተለያየ። የስፒል መሰብሰቢያ ማግኔቴን ሳስጠጋ አንዱ ጥቁር ድንጋይ ጥርቅም አድርጎ ያዘው። የኖራውን ድንጋይ በቢላዋ ፍቀን አቼቶ ስናፈስበት ቹ አለና አረፋ ደፈቀ። ልጄ ሳቀች። አንድ መንፈቅ ሙሉ ስታጠና እንደዚያ ስትስቅ አላየኋትም።

አባቷ ሲገባ ወጥ ቤቱ የድንጋይ ካባ መስሏል። ምንም ሳይጠይቅ ካልሲውን አወለቀና፣ ከጠረጴዛው ላይ አንዱን ብድግ አድርጎ ተረከዙን ይፈትግ ጀመር።

«አባዬ! ናሙና እኮ ነው!»

«ቀላል ነው፣ ቀዳዳ ቀዳዳ አለው፣ ተረከዝ ያጸዳል። ሌላ ምን ሊሆን ነው?»

«ፑሚስ!» ብላ ጮኸች። ያ አልሰምጥ ያለኝ ግትር።

ከዝርዝሩ አንድ ስም ብቻ ቀረ። ጠረጴዛው ላይ ግን የቀረ ድንጋይ የለም። አነበብኩ፦ «ሃ-ላ-ይ-ት። የ-ም-ግ-ብ ጨው። በ-ው-ሃ…» አልጨረስኩትም። ሦስታችንም ወደ ሳፋው ዞርን።

አባቷ ጣቱን ነክሮ ላሰ። ፊቱ ተኮማተረ።

«ሳሙና ነው» አለ። ደግሞ ላሰ። «ግን ጨው አለበት።»

የሳፋውን ውሃ ሁሉ ብረት ድስት ውስጥ ገልብጬ ጣድኩት። መስኮቱ በእንፋሎት ታፈነ፤ ድስቱ አረፋ እየደፈቀ ምድጃዬን አጠበው። በመጨረሻ ከሥሩ አመድማ ቅርፊት ቀረ። ፍቄ ብልቃጥ ውስጥ ከተትኩና ብዙ አስቤ ጻፍኩበት፦ «ድንጋይ የነበረ»።

«ቁጥሮቹንስ መልሰን አንጽፍባቸውም?» አልኳት። ልጄ እምቢ አለች። «ተሳስቼ ከምጽፍ እንዳለ ይየው።»

ጠዋት አንድ ሰዓት ተኩል ላይ ላቦራቶሪው በር ላይ ነበርን። መዶሻው ሲሉኝ ግዙፍ ሰው ጠብቄ ነበር፤ ከትከሻዬ የማያልፍ፣ መነጽሩ ፊቱን የሚያክል ሰውዬ ነው። ሳጥኑን ከፍቶ አንዱን ድንጋይ አነሳና ወረቀቱን ወደ መነጽሩ አስጠጋ።

«ይህን ማን ጻፈ?»

«እኔ ነኝ ጋሼ። እሷ የለችበትም፤ ጥፋቱ የእኔ ነው።»

«ጽሕፈቱ ይነበባል» አለ። «ስሕተትም የለበትም።»

እዚያ ጭንቅ ውስጥ ሆኜም ደስ አለኝ፤ ምን ይደረግ።

ብልቃጡን ከፍቶ አሸተተ። «ሃላይት የልብስ ሳሙና አይሸትም።»

«ታጥቦ ነው ጋሼ።»

ወደ ልጄ ዞረ። «አንቺ፣ እያንዳንዱ ምን እንደሆነ ንገሪኝ። ካወቅሽ ትገቢያለሽ።»

በጥፍሯ፣ በሳንቲሟ፣ በማግኔቴ ጀመረች። ግራናይቱን በትልልቅ ቅንጣቶቹ ለየችው፤ ቀልጦ ቀስ ብሎ የበረደ ድንጋይ ቅንጣቱ ትልልቅ ነው አለች። አንዱ ነጭ ላይ ተያዘች። ይህን ማታ በጠርሙስ ነው የለየነው። እየሳልኩ በዓይኔ ወደ መስኮቱ መስታወት ጠቀስኳት።

«እናት፣ ሳልዎ ብሶበታል፤ ውጭ ነፋስ አለ» አለኝ መዶሻው።

ልጄ ግን ዓይኗ ጠርሙስ ፍለጋ ዞሮ ዞሮ የሰውዬው ፊት ላይ አረፈ።

«መነጽሬን አይደለም!» ብሎ በሁለት እጁ ያዘው፤ ከመሳቢያው ቁራጭ መስታወት አውጥቶ ሰጣት። ጫረችው። «ኳርትዝ!»

አሥራ ዘጠኙንም አገኘች። እሱ ግን ደስ ያለው አልመሰለም። መደርደሪያው ላይ የተደረደሩትን ስድስት ሳጥኖች እያየ አገጩን አሻሸ።

«ቁጥሩን ባያጥቡባት ኖሮ ይህን ሁሉ ታውቅ ነበር?»

ልጄም እኔም መሬት መሬት አየን።

«አሃ» አለ። ከመሳቢያው ወረቀትና ሙጫ አወጣ። «እናት፣ እስከ ሦስት ሰዓት መቶ ሃያ ይደርስልዎታል?»

«ድንጋይ የሚለውን? ዓይኔን ጨፍኜ!»

ሦስት ሰዓት ላይ ተማሪዎቹ እየተንጫጩ ገቡ፤ ሳጥኖቹን ከፈቱ። አንገታቸውን ወደየጎረቤታቸው ሳጥን አሰገጉ። ከዚያ ከየጥጉ ድምፅ ወጣ። «ምን?» «ያንተስ?» «ድንጋይ።» «የእኔም ድንጋይ!» ልጄ ጥግ ይዛ አቀርቅራ ነበር፤ ትከሻዋ ሲነቃነቅ በበሩ ክፍተት አየሁት። ለቅሶ አልነበረም።

ከሰዓት በኋላ መምህርቴ የቤት ሥራ ስትጠይቅ ባለ ዳቦ ቤቷ ደረቷን ነፍታ «ሃያ» አለች። እኔ ቀስ ብዬ «መቶ አርባ አምስት፣ አንድ ብልቃጥ ሳይቆጠር» አልኩ።

ልጄ ፈተናውን አለፈች። ብልቃጡ አሁንም መዶሻው መደርደሪያ ላይ አለ አሉ። ጓደኞቿ ያን ወረቀት የጻፈውን ሰው እስከ ዛሬ ይፈልጉታል። ቤታችን ለጥናት ሲመጡ «እጁ ይሰበር!» እያሉ ይራገማሉ፤ ልጄም እንዳትጠረጠር ከሁሉም በላይ ጮክ ብላ ትራገማለች። እኔ ሻይ እያቀረብኩ፣ እጄን በሽርጤ እየጠረግኩ፣ «አሜን ልጆቼ» እላለሁ።